የቀን እንቅልፍ

«ቀልድ ነበር ብዬ አስረዳታለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ድምፅዎን ይቀንሱ ጋሼ፣ መርሻ ተኝቷል።»

«እኔ ምን ድምፅ አለኝ? የምትጮኺው አንቺ ነሽ።»

የጮኸ ሰው አልነበረም። ብርቅታይትና ጋሽ ገብረጻድቅ ለሁለት ሰው በማይበቃው ኩሽና ውስጥ፣ እሷ ጀርባዋን ለዕቃ ማጠቢያው ሰጥታ፣ እሳቸው ፍሪጁን ተደግፈው የሚጣሉት በሹክሹክታ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ባሏ መርሻ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን አድሮ ጠዋት ገብቶ ተኝቷል። በኮሮና ካዚኖዎቹ ተዘግተው ከሆቴል ሥራው ከተቀነሰና ይህን የሌሊት ሺፍት ካገኘ ወዲህ በዚህ ቤት ሳቁም፣ ስልኩም፣ ጠቡም በሹክሹክታ ሆኗል። ዓመት ሊሞላው ነው። ሹክሹክታ ደግሞ ለጠብ አይመችም፤ ሰው ሲናደድ የሚያወጣው ድምፅ ካጣ እጁን ያወናጭፋል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ተናግሮ የማይወጣለትን ነገር ደጋግሞ ይናገራል። ብርቅታይት ያጠበችውን ብርጭቆ እንደገና አንስታ ማጠብ ጀመረች።

«ልጅቷን ምቷት ይባላል? ለፈረንጅ አስተማሪ?»

«ምቷት አላልኩም። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ የእናንተ ናት፣ እንዳሻችሁ ቅጧት፣ ዓይኗን ብቻ ተዉልን ነው ያልኩት። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንቺን ተማሪ ቤት ሲያስገቡ ምን ነበር ያሉት? ደግሞስ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ስትነቀንቂ አልነበረም?»

ነቅንቃለች። ሲያንገበግባት ያደረው ይኸው ነው። ትናንት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን በኮምፒውተር ስብሰባ ሲጠራ፣ ብርቅታይትም መርሻም የተረዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጃቸው እምነት ወላጅ አምጪ ተብላለች። ወላጅ አምጪ የተባለ ልጅ ደግሞ ጥፋት አለበት፤ ጥፋት ካለ የሚያስፈልገው አማላጅ ነው። እንግሊዝኛው ከሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የማያልፍ እናትና ሥራ አድሮ የመጣ አባት ስክሪን ፊት ተደርድረው ምን ሊሉ? ስለዚህ የብርቅታይትን እናት የአጎት ልጅ፣ ጋሽ ገብረጻድቅን፣ ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን ጠሩ። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሆቴል ሹትል ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ልጃቸው ራሄል ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ከተማ በዲቪ የገባ አበሻ ሁሉ ክሊኒክ፣ መንጃ ፈቃድ ቢሮና ትምህርት ቤት ሲሄድ አፉ እሳቸው ነበሩ። ለትናንቱም ስብሰባ ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርገው መጥተው ነበር። የንባብ አስተማሪዋ፣ «እምነት ብልህ ልጅ ናት፣ ነገር ግን ንባቧ የአራተኛ ክፍል ልጅ ንባብ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የቤተሰቡን እገዛ እፈልጋለሁ» ብላ ሳትጨርስ ጋሽ ገብረጻድቅ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱና ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥለው ያንን ተናገሩ። የሴትዮዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ጎን አዙራ የሆነ ነገር ጻፈች። ብርቅታይት «ዓይን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ለይታ ሰምታ፣ የአባቷን አነጋገር አስታውሳ፣ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ያነሳችው እምነት ነበረች። እሺ፣ እሺ እያለች ሰማችና ዘጋችው። «ሶሻል ወርከር ናት። ከትምህርት ቤት። ዛሬ ከምሳ በኋላ እኛን ለማየት ይመጣል» አለች፤ ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። ሰባት ዓመት ተኩል ሆኗት የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንዱንና ሴቷን ያምታታል። ኮምፒውተሯን አቅፋ ወደ ክሎዜቱ፣ በኮምፒውተር ወደምትማርበት የልብስ ማስቀመጫ፣ ተመለሰችና በሩን ገጠም አደረገችው።

ሶሻል ወርከር የሚለውን ቃል ብርቅታይት የምታውቀው ከቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ነው። እገሌ የምትባል፣ ሲያትል ነው ዴንቨር፣ ልጇን በቁንጥጫ ብላ ልጁን ወሰዱባት፤ እገሌ ደግሞ ልጁ ራሱ ፖሊስ ጠርቶበት። ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ የልጆቹ ቁጥር ይጨምራል እንጂ የተመለሰ ልጅ አይነገርም። ሆኖም ወሬ ብቻ ቢሆን ከጋሽ ገብረጻድቅ ጋር እየተጨቃጨቀች ትውል ነበር። እሳቸው የማያውቁት፣ መርሻም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሆስፒታል ደብል ሺፍት ሠርታ በገባች በማግሥቱ፣ እምነት ከክፍል ቀርታለች የሚል ጥሪ ስልኳ ላይ መጣ። ልጅቷ ግን እዚያው ክሎዜቱ ውስጥ፣ ካፖርቶቹ ሥር፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቁጭ ብላለች። ብርቅታይት ምንም አልጠየቀችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ክንዷ ላይ አሳረፈችባት። እምነት አላለቀሰችም፣ ድምፅም አላሰማችም። ክንዷን ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ በር አየች፤ አባቷ እንዳይነቃ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ቀዩ ምልክት ጠፋ፤ እጅጌው ግን ሙቀት ሲመጣም አልተሰበሰበም።

«ስትመጣ እኔ አናግራታለሁ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «አንቺ ዝም በይ። ሻይ አቅርቢላትና ዝም በይ።»

«ሻይ አይጠጡም፤ ኮሮና ነው።»

«እንግዲያስ ዝም ብቻ በይ።»

ቤቱን አየችው። ባለ አንድ መኝታ ነው። መኝታ ቤቱ የእሷና የመርሻ ነው፤ እምነት የምታድረው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው፤ አንሶላና ትራሷ ቀን ቀን ሶፋው ውስጥ ይከተታል። ባለ ሁለት መኝታው እዚሁ ግቢ ውስጥ በወር ሁለት መቶ ሰባ ዶላር ይጨምራል፤ ከኮሮና በፊት ልንገባ ነው ሲሉ ነበር። ልጅሽ የት ትተኛለች ቢሏት ምን ትላለች? የት ነው የምታጠናው ቢሏትስ? አንሶላውን አወጣች፣ አነጠፈች፣ መልሳ ሰበሰበች። ግድግዳው ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕልና የመኪና ኢንሹራንስ ካላንደር አለ። መጽሐፍ የሚባል ነገር ግን ከጸሎት መጻሕፍት በቀር ለዓይን የሚታይ የለም። የመኪናውን ቁልፍ አነሳች። «መጣሁ» አለች፤ ጋሽ ገብረጻድቅ ወዴት እንደሆነ ሳይጠይቁ ክራባታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መዘርጋት ጀምረው ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሰው ሁሉ ጋሪውን ይዞ ይሸሻሻል። የጠረጴዛ መብራት አስራ ሁለት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ፤ አነሳች። ብርቱካን በከረጢት፤ አነሳች። የዓለም ካርታ ያለበት ትልቅ ፖስተር አየች፤ ለትንንሽ ልጆች ነው፣ ባሕሩ ላይ ዓሣ ነባሪ ይስቃል፤ አስቀመጠችው፣ ትንሽ ሄዳ ተመልሳ አነሳችው። የክፍያው ሰልፍ ላይ ከኋላዋ አንድ ሰው ስሟን ሲጠራ እጇ ላይ ያለው ሁሉ የተሰረቀ ይመስል ደነገጠች። ወይዘሮ ላቀች ነበሩ፤ ጭምብላቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ።

«ብርቄ! ጠፋሽ እኮ። ቅዳሴ በስልክ ሆነና ሰው ጠላሽ?»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«መርሻስ? አሁንም ሌሊት ነው? ኧረ ምስኪን። ልጅቷስ? ያቺ ጎበዝ! ባለፈው ከሐኪም የመጣልኝን የመድኃኒት ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቼ ልኬላት ፈጥና አነበበችልኝ። ከምግብ በኋላ ነው አለችኝ። ስንት ብር ከፍዬ የማስነብበውን።»

«ከምግብ በኋላ?» አለች ብርቅታይት።

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። ለማንኛውም ፋርማሲውንም ጠይቋቸው እትዬ። እነሱ በስልክ አማርኛ የሚናገር ያገናኛሉ።»

«አንቺ ደግሞ! ቤትሽ አንባቢ እያለ?» ላቀች ሳቁ። ብርቅታይትም ሳቀች፤ ጭምብል ያለበት ዘመን ለዚህ ደግ ነበር፣ ዓይንን ጠበብ ማድረግ ብቻ ይበቃል። መኪናው ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። የራሳቸው ቤት ደብዳቤ ሁሉ፣ የመርሻ የሥራ አጥ ድጎማ ማመልከቻ፣ የኢንሹራንሱ፣ የኪራይ ማራዘሚያው፣ ሁሉ በዚያች ልጅ አንደበት ያለፈ ነው። አንዴም ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም። አንዴም አልገባኝም ብላ አታውቅም። ኋላዋ ያለው መኪና ቦታውን ፈልጎ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ መሪውን ይዛ ቆየች።

ስትመለስ ጋሽ ገብረጻድቅ ክሎዜቱ በር ላይ ወንበር አስጠግተው ተቀምጠው፣ ክራባታቸውን አስረው፣ እምነትን በሹክሹክታ ያስጠኗታል። ክሎዜቱ ውስጥ ካፖርቶቹ ከልጅቷ ራስ በላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥር ሻንጣ አለ፤ ሻንጣው ወንበሯ ነው፣ ጉልበቷ ጠረጴዛዋ። አንድ ጆሮዋ ላይ ያለው ማዳመጫ ውስጥ የክፍሉ ድምፅ እንደ ዝንብ ይሰማል።

«ይወዱኛል በይ። ይንከባከቡኛል በይ። አልጋ አለኝ በይ።»

«አልጋ የለኝም ግን።»

«ሶፋው ምንድነው? ይዘረጋ የለ?»

«ጋሼ፣ እሺ። ክፍል ላይ ነኝ።»

ብርቅታይት አዲሱን መብራት ሶፋው አጠገብ አስቀመጠችው፣ ሶኬቱ አልደረሰም፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰደችው። ፖስተሩን በፕላስተር ለጠፈችው፣ ተጣመመ። ብርቱካኑን በሳህን ደረደረችው። ከዚያ ሌላ የምትሠራው አጣች። ጋሽ ገብረጻድቅ ሽንት ቤት ገብተው ነበር፤ ክሎዜቱ በር ላይ ሄዳ ቆመች። እምነት ቀና ብላ አየቻት። እናትየዋ ክንዷን ማየት ፈልጋ ነበር። አትንገሪያት ማለትም ፈልጋ ነበር፤ ያንን ማለት እንዳሰበች ስታውቅ ጉንጯ ጋለ።

«በላሽ?» አለች።

«እህ።»

«ምን በላሽ?»

«ሲሪያል።»

ያ ብቻ ሆነ። የሽንት ቤቱ ውኃ ተለቀቀ፤ ሁለቱም አብረው ወደ መኝታ ቤቱ በር አዩ።

ሴትዮዋ የመጣችው ከምትጠበቅበት ቀደም ብላ ነው። ሚስ ኦርቴጋ ትባላለች፤ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ የስፖርት ጫማ ያደረገች። ቤት አልገባም፣ የኮሮና ደንብ ነው አለች፤ ከውጭ በረንዳው ላይ፣ ደረጃው አናት፣ በርቀት ቆማ እጇን አውለበለበች። የብርቅታይት ዓይን እጇ ላይ ወረቀት ፈለገ፤ ቦርሳ ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት ድምፅዋ ነው። በዚህ ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ሙሉ ድምፅ ከተሰማ ቆይቷል። ሰላምታዋ ግቢውን አቋርጦ ከማዶው ሕንፃ ተመለሰ። ብርቅታይት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ልታደርግ ቃጥቷት እጇን መለሰች፤ መንግሥትን ዝም በዪ ይባላል?

«መጀመሪያ ከእምነት ጋር ብቻችንን ብናወራ» አለች ሴትዮዋ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች፤ እናቷን ሳታይ በአጠገቧ አልፋ ደረጃውን ወረደች። ሁለቱ ታች፣ ፓርኪንጉ ጠርዝ ላይ፣ የጃንጥላ ቅርጽ ባላት አንዲት ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ብርቅታይት የመስኮቱን መጋረጃ ሰንጥቃ አየች። ከዚህ ሆና የልጇ ጀርባ ብቻ ነው የሚታያት። ሴትዮዋ አልፎ አልፎ ራሷን ትነቀንቃለች። እምነት እጇን ታንቀሳቅሳለች፤ እቤት ውስጥ እጇን ስታንቀሳቅስ አታውቅም። አንድ ጊዜ የእጅጌዋን ጫፍ ይዛ ጎተተችው፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ከዚህ አይለይም። ብርቅታይት ከመስኮቱ ሄደች፣ ብርቱካኑን አስተካከለች፣ ተመልሳ አየች፣ የሥራ ዩኒፎርሟን ለበሰች፣ ተመልሳ አየች።

«ምን ያህል ያወራሉ?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ይሄን ያህል ወሬ ምን አላት ልጅቷ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ። ለእኔ አውርታኝ አታውቅም።»

ሲመለሱ አራት ወንበር በረንዳው ላይ ወጣ። ጋሽ ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ፣ «ክብርት ሆይ፣ የትናንቱን ነገር እኔ ላስረዳ» ብለው ጀመሩ። ሚስ ኦርቴጋ በአክብሮት ሰማቻቸውና ስልኳን መካከላቸው ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ቤተሰቡ ቤተሰብ ብቻ እንዲሆን የስልክ አስተርጓሚ ይዛለች።

«አስተርጓሚ?» አሉ በአማርኛ ወደ ብርቅታይት ዞረው። «እኔ እያለሁ?»

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የት አገር ተቀምጣ እንደምትናገር አይታወቅም። «የሚባለውን ሁሉ እንዳለ አስተረጉማለሁ። እባካችሁ አጠር አጠር አድርጋችሁ ተናገሩ።» ጋሽ ገብረጻድቅ ክራባታቸውን ዳሰሱ፣ ወደ ኋላ ተደግፈው እጃቸውን አጣመሩ። ከዚያ በኋላ የሚስ ኦርቴጋ ነገር ሁሉ በዚያች በማትታይ አስተርጓሚ አንደበት ይመጣ ጀመር።

«አስተማሪዋ የሰማችውን ማሳወቅ ግዴታዋ ነው፤ አሳውቃለች። እኔም የማየውንና የምሰማውን እጽፋለሁ። እምነት፣ ‹ዓይኗን ተዉልን› ማለት በእናንተ ዘንድ ለአስተማሪ የሚሰጥ አክብሮት እንደሆነ ነግራኛለች። እሱ ገብቶኛል።» ጋሽ ገብረጻድቅ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። «እቤት ማንም መትቶሽ ያውቃል ወይ ብዬም ጠይቄያታለሁ። እሱን እናቴን ጠይቂያት አለችኝ። ስለዚህ እርስዎን እየጠየቅሁ ነው።»

«ኔቨር!» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

ብርቅታይት ልጇን አየቻት። እምነት የጫማዋን ማሰሪያ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። አልመታናትም ማለት ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ነው፤ ጋሼ ቀድመው ብለውታል፣ እሷ ከኋላ መነቅነቅ ብቻ ይጠበቅባታል። ልጅቷም ዝም ትላለች። ዝም እንደምትል ብርቅታይት አወቀች። ክሎዜቱ ውስጥ ገብታ በሩን ገጠም አድርጋ፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ስንት ዓመት ዝም እንደምትል አወቀች።

«የስ» አለች፤ አስተርጓሚዋን አልጠበቀችም። «ዋን ታይም። በጫማ።» ከዚያ እንግሊዝኛው አለቀባት። «ከክፍል ቀርታለች ብለው ደወሉልኝ። እቤት ናት። ክፍል ውስጥ ናት። ዋሸችኝ ብዬ ነው። ደክሞኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር ማለት ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም። መታኋት።»

ስልኩ ትንሽ ዘገየና ተረጎመ።

«መቼ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው።

መርሻ በሩ ላይ ቆሟል፤ በካኔተራ፣ አንድ ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር ታትሞበት። ማን እንደቀሰቀሰው አይታወቅም።

«ባለፈው ሰሞን» አለች ሳትዞር።

እሱም ሸሚዝ ሊለብስ ተመለሰ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ የእጁ ጀርባ የእምነትን ፀጉር ነካ አደረገው፤ ወይ ሲያልፍ ነው የነካው። ተመልሶ ሲመጣ ከሚስቱ ወንበር ራቅ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሚስ ኦርቴጋ የምትጽፈውን ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። የተናገሩትን መጻፍ አለባት፤ ምናልባት ከሌላ ቢሮ፣ ከሕፃናት ጥበቃ፣ ሰው ይደውልላቸዋል፣ ምናልባት አይደወልም፤ ቃል ልትገባ አትችልም። ሁለተኛ ግን በጫማም በእጅም አይሆንም። ይህን ስትል ድምፅዋ አልከፋም፣ አልለዘበምም። ብርቅታይት «ምናልባት» የሚለውን ቃል በሁለት ቋንቋ ሰምታ ሁለቱም ላይ መያዣ አጣችለት።

«አሁን ወደ መጣሁበት» አለ ስልኩ። «እምነት ክፍል ውስጥ ለምን ድምፅዋን እንደማታሰማ ራሷ ብትነግራችሁ ይሻላል።»

እምነት ማሰሪያዋን ለቀቀች። «በየተራ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ለክፍሉ። እኔ ቀስ ብዬ አነበብኩ። አይሰማም አሉኝ። እንደገና ቀስ ብዬ አነበብኩ። ሁሉም ሳቀ። ከዛ ስሜን ሲጠራ ዝም አልኩኝ። የለችም አሉ።»

«ለምን ጮክ አትዪም ታዲያ?» አለ መርሻ።

ልጅቷ እናቷን አየች። «አባዬ ተኝቷል ስለምትይኝ።» ጨመረችም፤ «በልቤ ሳነብ ደግሞ ትልቁን ቃል እዘለዋለሁ። ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም አንዳንዴ።»

ከታች አንድ መኪና ሙዚቃውን ለቆ ገብቶ ቆመ። ብርቅታይት «አባዬ ተኝቷል» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳለችው ልታስብ ሞከረች፤ ጠዋት ሲገባ፣ ሳህን ሲጋጭ፣ ልጅቷ ስትስቅ። እንደ ሰላምታ ሆኖባት ነበር። መርሻ ድንገት ሳቀ፤ ደስ ያለው ሳቅ አልነበረም።

«እኔ እኮ እንቅልፍ የነሳኝ ሹክሹክታችሁ ነው» አለ። «ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው ያደግሁት። ሰው ቢጮህ እተኛለሁ። ስታንሾካሹኩ ግን ስለ እኔ የምታወሩ ይመስለኛል፤ ጆሮዬ ቆሞ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ!»

«ምነው አትናገርም ነበር?» አለች ብርቅታይት።

«ለእኔ ብላችሁ ነዋ። ምን ልበል?»

አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመችው። ሚስ ኦርቴጋ ከልቧ ሳቀች፤ ሳቋም ከማዶ ሕንፃ ተመለሰ። ከዚያ ወርዳ ከመኪናዋ ኋላ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ነገሩ ቀላል ነው አለች። በየቀኑ እምነት ጮክ ብላ ታነባለች፤ አንድ ሰው ይሰማል። ማንም ቢሆን። እንግሊዝኛው ባይገባውም። መርሻ የማይገባኝን መስማቴ ምን ይጠቅማታል ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚሰማት ሰው ካለ ትልቁን ቃል አትዘለውም፣ አለ ስልኩ። ስትጨርስ በአማርኛ ትንገራችሁ፤ እናንተ «ከዚያስ?» በሉ፤ ማረም የለም። «አነጋገሯን እኔ አስተካክልላታለሁ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ በእንግሊዝኛ። «እባክዎን አያስተካክሉላት» አለች ሚስ ኦርቴጋ፤ አስተርጓሚዋ ለእሳቸው ያለ ማንም ጥያቄ ይህንንም ወደ አማርኛ መለሰችላቸው።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የብርቅታይት ሺፍት ሊደርስ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ማንም ስለ ጫማው አላነሳም። መርሻ ወደ አልጋው አልተመለሰም፤ ኩሽና ገብቶ ሻይ ጣደ፤ ብርጭቆ ሲያነሳ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ አጋጨው። ጋሽ ገብረጻድቅ ክራባታቸውን ፈትተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እምነት ካርቶኑ ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ አንዱን አወጣች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ትልቁ ግድብ ሲሠራ እዚያ የጠፋ ወንድሟን የምትፈልግ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። ከሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ጀመረች። ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። ብርቅታይት የማታውቀው ድምፅ ነው፤ ከቀድሞው ወፍሯል፤ ማንም ሳይሰማው አድጎ ኖሯል። አንድ ረጅም ቃል ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ከፋፍላ ሞከረችው፣ አሁንም አልሆነም። ጋሽ ገብረጻድቅ ከንፈራቸው ቃሉን ይዞ ተከፍቶ ነበር፤ የብርቅታይት ዓይን ሲያርፍባቸው ዘጉት። እምነት ሦስተኛ ሞከረችና አለፈችው፤ ትክክል ይሁን አይሁን እናቷ በምን ታውቃለች? ገጹን ስትጨርስ በአማርኛ ነገረቻቸው። ሠራተኞቹ በሙቀት ድንኳን ውስጥ ይኖራሉ፤ ልጅቷ ወንድሟ በየትኛው ዋሻ እንደሚሠራ ትጠይቃለች፤ ማንም አይነግራትም።

«እዚያ ግድብ ላይ ሰው ስወስድ ነበር እኮ እኔ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ሙቀቱ! እንዴት ያለ ነው መሰለሽ!»

«ጋሼ፣ እሷ ናት የምትናገረው» አለ መርሻ፤ ሻዩን ይዞ ወለሉ ላይ ከልጁ ጎን ተቀመጠ።

«እሺ፣ እሺ። ከዚያስ?»

ብርቅታይት የሥራ ባጇን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ነገ የዚያ ቢሮ ሰው ሊደውል ይችላል፤ ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል፤ እሷ ሆስፒታሉ ውስጥ ጋሪ እየገፋች ስልኩ ቢጮህ ማን ያነሳል? ይህን ለመርሻ ልትነግረው አሰበች። አንድ እርምጃ ወደ ሳሎኑ ሄደች። እምነት አዲሱን ገጽ ጀምራለች፤ የጠረጴዛው መብራት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለ ጥቅም ይበራል፤ የሦስቱም ጀርባ ወደ እሷ ነው። ጭምብሏን አጠለቀች፣ ቁልፉን አነሳች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የልጇ ድምፅ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ይሰማት ነበር። መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ጥቂት ሰማች፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ሄደች።